ከፈረስ ጉልበቱ በፊት የሚሸከመውን ኪሎ እንጠይቅ

ባለአራት ጎማ የእርሻ ሞተር ለመግዛት ላሰቡ አርሶ አደሮች፣ ባለሀብቶችና የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች

ክረምቱ ሲገባ በመተማና በቋራ ሰፋፊ የሰሊጥ፣ የማሽላና የጥጥ እርሻዎች መካከል የሚያልፉት መንገዶች ወደ ጭቃ ይለወጣሉ። ፒክአፕ መኪና እስከ ሆዱ ይሰምጣል፤ ባለሁለት ጎማ ሞተር ሳይክል ጥቁሩ አፈር ጎማውና ጭቃ መከላከያው መካከል ተጠቅጥቆ ያቆመዋል። በፎገራና በደምቢያ ሜዳዎች ያለው የዋልካ መሬትም ከዚህ የተለየ ጠባይ የለውም። እርሻው ግን አይጠብቅም። አረም በወቅቱ ካልተመታ፣ ተባይ በታየበት ሳምንት ካልተረጨ፣ ዘርና ማዳበሪያ ከመጋዘን እስከ ማሳው ጫፍ ካልደረሰ፣ ዓመቱን ሙሉ የተለፋበት ምርት ይቀንሳል።

በዚህ ምክንያት የሰፋፊ እርሻ ባለቤቶች፣ የዘር ብዜት ጣቢያዎችና የኅብረት ሥራ ዩኒየኖች ዓይናቸውን ባለአራት ጎማ የእርሻ ሞተር ላይ መጣል ጀምረዋል። በተለምዶ ኳድ ወይም አራት እግር ሞተር የሚባለው ይህ መሣሪያ እንደ ሞተር ሳይክል በኮርቻ ተቀምጠው በእጀታ የሚነዱት፣ ሰፋፊና ለስላሳ ጎማዎች ያሉት፣ ከፊትና ከኋላ የዕቃ መጫኛ የተገጠመለት ነው። ዋጋው ግን ቀላል አይደለም። ተመርጦ ካልተገዛ ሁለት ክረምት ሠርቶ በግቢ ጥግ የሚቆም ብረት ይሆናል። ከሁሉም በላይ የሚነዳው ሰው ገዘፍ ያለ ከሆነና ዕቃም የሚጭንበት ከሆነ፣ የምርጫው ስህተት የገንዘብ ብቻ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ነው። ይህ ጽሑፍ ገዥዎች ከመፈረማቸው በፊት ሊጠይቋቸው የሚገቡ ነጥቦችን ይዳስሳል።

ከየት የመጣ መሣሪያ ነው?

የዚህ ሞተር ታሪክ ረጅም አይደለም። የጃፓኑ ሆንዳ ኩባንያ የመጀመሪያውን ባለሦስት ጎማ ሞተር ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1970 ነበር። ሦስት ጎማው በቀላሉ ስለሚገለበጥ ብዙ ጉዳት አደረሰ፤ በአሜሪካም በ1980ዎቹ መጨረሻ ሽያጩ እንዲቆም ተደረገ። ሱዙኪ እ.ኤ.አ. በ1982 ባለአራት ጎማውን ይዞ ቀረበ። አራቱም ጎማ የሚጎትትለት፣ በተለምዶ ፎር ዊል የምንለው ዓይነት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1986 በሆንዳ ተሠራ። ከዚያ ወዲህ መሣሪያው ከመዝናኛነት አልፎ በአውስትራሊያ፣ በኒውዚላንድና በሰሜን አሜሪካ እርሻዎች ላይ ከብት የሚጠበቅበት፣ አጥር የሚጠገንበትና ጸረ አረም የሚረጭበት የዘወትር የሥራ መሣሪያ ሆኗል።

ዛሬም በገበያው ሁለት ዓይነት መኖሩን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው ለእሽቅድምድም የተሠራው ቀላልና ፈጣን ዓይነት ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ የኋላ ጎማው ብቻ ይጎትታል፤ የዕቃ መጫኛም የለውም። ሁለተኛው ለሥራ የተሠራው ከባድ፣ ዝግ ያለና ጉልበታም ዓይነት ነው። እርሻ የሚፈልገው ሁለተኛውን ነው።

በእርግጥ ያስፈልገናል ወይ?

ከሁሉም በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ ይህ ነው። ባለአራት ጎማ ሞተር አያርስም። ዋልካን የሚሰነጥቅ ጉልበት የለውም፤ የትራክተርን ወይም የበሬን ቦታ አይተካም። ግማሽ ሄክታር ማሳ በተለያየ ቦታ ተበጣጥሶ ለያዘ አርሶ አደር ወጪውን አይመልስለትም። ለእርሱ የሚሻለው በማኅበር የሚጠቀምበት በእጅ የሚመራ ባለሁለት ጎማ ትራክተር ወይም የጋሪ እንስሳ ነው።

አንድ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ያለ ጭነት ከቀበሌ ቀበሌ የሚዘዋወር ከሆነም ሞተር ሳይክል ይበልጣል። ባለአራት ጎማው 1 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት አለው፤ በእግር መንገድ፣ በጠባብ ድልድይና በሁለት አጥር መካከል አያልፍም። ነዳጅም የበለጠ ይጠጣል።

መሣሪያው ቦታውን የሚያገኘው ጭነት፣ ጭቃና ስፋት ሲገናኙ ነው። በመቶዎች የሚቆጠር ሄክታር ያለው እርሻ፣ ከብት የሚያሰማራ ድርጅት፣ ብዙ የሙከራ ማሳ ያለው የምርምር ወይም የዘር ጣቢያ፣ ለአባላቱ የርጭት አገልግሎት የሚሰጥ ዩኒየን ሊጠቀሙበት ይችላሉ። ከእነዚህ ውጭ ያለ ተቋም ግዥውን ሁለት ጊዜ ቢያስብበት ይመረጣል።

የክብደቱ ሒሳብ

ሻጭ ስለ መሣሪያው ሲናገር በአብዛኛው የሚጀምረው ከሞተሩ መጠን ነው፤ 400፣ 500፣ 700 ሲሲ እያለ ይቆጥራል። ገዘፍ ላለ ነጂ ግን መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ቁጥር ሌላ ነው፤ መሣሪያው በአጠቃላይ ስንት ኪሎ እንዲሸከም ተፈቅዷል? ይህ ቁጥር በመመሪያ መጽሐፉ ውስጥና በአካሉ ላይ በተለጠፈው ጽሑፍ ላይ ይገኛል። ለሥራ በተሠሩት ሙሉ መጠን ባላቸው ሞተሮች ብዙውን ጊዜ ከ200 እስከ 250 ኪሎ ግራም ነው። ለምሳሌ ፖላሪስ ስፖርትስማን 570 የሚባለው ሞዴል የተፈቀደለት 220 ኪሎ ያህል ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ይህን ቁጥር የዕቃው ብቻ አድርጎ ስለሚወስደው ነው። ቁጥሩ የነጂውን ክብደት፣ የለበሰውን ልብስ፣ ቦቲና የራስ ቁር፣ ከፊትና ከኋላ የተጫነውን ዕቃ፣ በኋላ የተጨመሩ ብረቶችንና ተሳቢው መንጠቆው ላይ የሚያሳርፈውን ክብደት ሁሉ ይጨምራል።

በምሳሌ እንየው። ነጂው 105 ኪሎ ይመዝናል እንበል። ልብሱ፣ ቦቲውና የራስ ቁሩ 5 ኪሎ ይሆናል። ከኋላ 60 ሊትር ውኃ የሚይዝ የርጭት በርሜል ቢጭን፣ ውኃው 60 ኪሎ፣ በርሜሉና ፓምፑ 15 ኪሎ ገደማ ናቸው። ድምሩ 185 ኪሎ ነው። 220 ኪሎ በተፈቀደለት ሞተር ላይ 35 ኪሎ ቀርቶታል፤ ሥራው በሰላም ይከናወናል። ይኸው ሰው "ምልልስ ይቀንስልኝ" ብሎ 95 ሊትር የሚይዝ በርሜል ቢገጥምስ? 105፣ 5፣ 95 እና 20 ኪሎ ሲደመር 225 ይሆናል። ከተፈቀደው አልፏል። 65 ኪሎ የሚመዝን ነጂ ግን በዚያው በርሜል 185 ኪሎ ላይ ይቆማል። ስለዚህ ለአንዱ የሚበቃ መሣሪያ ለሌላው አይበቃም።

የመጫኛዎቹ ወሰንም ለብቻው ይታያል። ከላይ በጠቀስነው ሞዴል የፊተኛው መጫኛ 41 ኪሎ፣ የኋለኛው 82 ኪሎ ያህል ብቻ ነው የሚፈቀድለት። ስለዚህ 95 ሊትሩ በርሜል ድምሩን ባያልፍ እንኳ የኋላውን መጫኛ ያልፋል፤ አንድ ኩንታል ማዳበሪያም እንዲሁ። ውኃ ደግሞ እንደ ጆንያ ረግቶ አይቀመጥም። ግማሽ የሞላ በርሜል በመታጠፊያ ላይ ወደ ጎን እየተንቦጫረቀ መሣሪያውን ይገፋዋል።

ብዙ ጭነት ያለው ሰው መፍትሔው ተሳቢ ነው። የሆንዳ ራንቸር 420 የመጎተት ወሰን 385 ኪሎ ያህል ሲሆን፣ እንደ ያማሃ ግሪዝሊ 700 ያሉት ትልልቆቹ 600 ኪሎ ያህል ይጎትታሉ። ይህ ወሰን የተሳቢውን የራሱን ክብደት ይጨምራል፤ የተለካውም ለሜዳ ነው። በቁልቁለት ላይ ተሳቢው ከኋላ ስለሚገፋ ጭነቱን በብዙ መቀነስ ግድ ይላል።

የሰውየው ልክ

ሁለተኛው መመዘኛ ነጂው ራሱ ነው። መሣሪያው ከቢሮ በፎቶግራፍ መመረጥ የለበትም፤ የሚነዳው ሰው ተቀምጦበት መታየት አለበት። ገዘፍ ያለ ወይም ረጅም ሰው ሲቀመጥ አራት ነገሮችን ያስተውል።

አንደኛ፣ እጀታውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እስከ መጨረሻው ሲያዞር ጉልበቱን ወይም ሆዱን የሚነካው ከሆነ መሣሪያው ጠቦታል። ሁለተኛ፣ በእግር መርገጫው ላይ ጉልበቱን ትንሽ አጠፍ አድርጎ ቆሞ፣ ሳያጎነብስ እጀታውን መያዝ መቻል አለበት። ድንጋያማ መንገድ የሚነዳው እንዲህ እየተነሱ ነውና። ሦስተኛ፣ ቦቲ ያደረገ ትልቅ እግር የፍሬንና የማርሽ ፔዳሎቹን በየተራ ያለ ችግር መርገጥ አለበት። አራተኛ፣ ሲቀመጥ ሞላው ምን ያህል እንደሚወርድ ይታይ። ገና በነጂው ክብደት ብቻ ሞላው ጨርሶ ከወረደ፣ ጭነት ሲጨመርና ጉድጓድ ሲመታ የሚቀረው አቅም የለም። በብዙዎቹ የሥራ ሞተሮች ላይ የሞላውን ጥንካሬ በቁልፍ ማስተካከል ይቻላል፤ ሻጩ ይህን ገዥው ፊት እንዲያስተካክል መጠየቅ ተገቢ ነው።

እዚህ ላይ መነሳት ያለበት የሚዛን ጉዳይም አለ። መሣሪያው 300 ኪሎ ቢመዝንና ነጂው 110 ኪሎ ቢሆን፣ ከጠቅላላው ክብደት ከሩብ በላይ የሆነው ከላይ ኮርቻው ላይ ነው ማለት ነው። ነጂው በተጠጋበት በኩል መሣሪያውም ያዘነብላል። ስለዚህ ለገዘፈ ሰው ሰፋ ያለና ረዘም ያለ አቋም ያለው መሣሪያ ከጠባቡና ከአጭሩ ይሻላል። የኤሌክትሪክ የመሪ አጋዥ ያለውም ቀኑን ሙሉ ለሚነዳ ሰው የክንድ ድካምን ይቀንሳል፤ ድንጋይ ሲመታም እጀታው እንዳይፈናጠር ያግዛል።

"አራቱም ይጎትታል" ሲባል

ሻጭ አራቱም ጎማ ይጎትታል ሲል ገዥው አንድ ጥያቄ ይጨምር፤ የፊቱ ዲፈረንሻል ይቆለፋል ወይ? ካልተቆለፈ፣ አንዱ የፊት ጎማ ጭቃ ውስጥ ሲገባ ጉልበቱ ሁሉ ወደሚንሸራተተው ጎማ ይሄድና ሌላው ቆሞ ይቀራል። ቁልፉ ሲያዝ ሁለቱም እኩል ይጎትታሉ። በዋልካ መሬት ልዩነቱ ከጭቃው መውጣትና እዚያው ማደር ነው። ቁልፉ በተያዘ ጊዜ ግን መሪው ስለሚከብድ ከጭቃው እንደወጡ መፍታት ያስፈልጋል። በደረቅና በጠንካራ መሬት በኋላ ጎማዎች ብቻ መንዳት ነዳጅም ይቆጥባል፤ መሪንም ያቀላል።

ኃይሉ ከሞተሩ ወደ ጎማ የሚደርስበት መንገድም ለገዘፈ ነጂ ትልቅ ትርጉም አለው። አብዛኞቹ፣ ለምሳሌ ያማሃ ኮዲያክና ግሪዝሊ፣ ሱዙኪ ኪንግኳድና ፖላሪስ፣ በጎማ ቺንጊያ የሚሠራ አውቶማቲክ ማርሽ አላቸው። ለመንዳት ቀላል ነው። ነገር ግን ከባድ ጭነት ይዞ በዝግታ አቀበት ሲወጣ ቺንጊያው ይግላል፤ የተቃጠለ ጎማ ሽታ ከመጣ መቆም ያስፈልጋል። ውኃ ከገባበትም ይንሸራተታል። መድኃኒቱ ጭነትና አቀበት በተገናኙ ቁጥር ዝቅተኛውን ማርሽ መጠቀምና አንድ ቺንጊያ በመጠባበቂያ መያዝ ነው። የሆንዳዎቹ ራንቸርና ፎርማን ግን ቺንጊያ የላቸውም፤ እንደ መኪና በጥርስ ማርሽ ይሠራሉ። ከባድ ሥራን ይችላሉ፤ በምላሹ ነጂው ማርሽ መቀየር መልመድ አለበት፤ ወይም ውድ የሆነውን በራሱ የሚቀይር ዓይነት መግዛት ይኖርበታል።

የኋላው አካልም ሁለት ዓይነት ነው። ሁለቱ የኋላ ጎማዎች በአንድ ወጥ ብረት የተያያዙበት ቀላል፣ ጠንካራና ጭነት ሲበዛበት ብዙ የማያዘነብል ነው፤ ነገር ግን መሀሉ ዝቅ ስለሚል ድንጋይና ጉቶ ይመታዋል፤ ወገብንም ያንገላታል። ጎማዎቹ ለየብቻ የሚነሱበት ዓይነት ደግሞ ለጀርባ ይመቻል፤ ከመሬትም ከፍ ይላል። ነገር ግን የጎማ ከረጢት ያለባቸው ብዙ መገጣጠሚያዎች አሉት። ከረጢቱ በእሾህ ተቀድዶ ጭቃ ከገባ መገጣጠሚያው ባጭር ጊዜ ይበላል። ቀኑን ሙሉ የሚነዳ ከባድ ሰው ሁለተኛውን፣ አልፎ አልፎ የሚጭንና ጥገና የራቀው እርሻ የመጀመሪያውን ቢመርጥ ያዋጣዋል።

የኛ አየር፣ የኛ አፈር፣ የኛ ነዳጅ

በውጭ አገር በሙከራ የተመሰገነ መሣሪያ ሁሉ በክልላችን ያው ይሆናል ማለት አይደለም። የመጀመሪያው ምክንያት ከፍታ ነው። አየር ሲሳሳ ሞተር ይደክማል፤ በየ300 ሜትሩ ጉልበቱ በ3 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ላይ በሚገኘው በደብረ ብርሃን አካባቢ አንድ ሞተር ከሩብ የሚበልጥ ጉልበቱን ያጣል። ስለዚህ በቆላ ለ110 ኪሎ ነጂ የሚበቃው 400 ሲሲ ሞተር በደጋ አቀበት ላይ ሊያቃስት ይችላል። በደጋ ለሚሠራ ገዘፍ ያለ ሰው ከ500 ሲሲ ወደ ላይ ያለው ይመረጣል። ነዳጅ በኤሌክትሮኒክስ የሚረጭለት ሞተር ከካርቦራተሩ የሚሻለውም እዚህ ላይ ነው፤ ለከፍታው በራሱ ይስተካከላል።

ሁለተኛው ሙቀትና አቧራ ነው። በመተማ ቆላ ከዝናቡ በፊት ባሉት ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያልፋል። ራዲያተሩ በጭቃና በሣር ዘር ከተደፈነ ሞተሩ ይፈላል። የአየር ፊልትሮ በአቧራ ወቅት በየሳምንቱ፣ ከበዛም በየቀኑ መታየት አለበት፤ ፊልትሮው የተቀደደ ሞተር በአንድ የበጋ ወቅት ፒስተኑን ይበላል። በምርት ወቅት ደግሞ ደረቅ ሣርና ገለባ በማርሚታው ዙሪያ ሲጠራቀም እሳት ያስነሳል። በደረቀ የሰሊጥ ማሳ ውስጥ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለአርሶ አደሩ መንገር አያስፈልግም። ከማሳ ሲወጡ ሞተሩን አቁሞ ገለባውን መጥረግ ልማድ ይሁን።

ሦስተኛው እሾህ ነው። የእነዚህ ሞተሮች ጎማ የሚነፋው በጣም በዝቅተኛ ግፊት፣ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ፒኤስአይ ነው። የመኪና ጎማ መለኪያ ይህን በትክክል ስለማያነብ ለብቻው ዝቅተኛ መለኪያ ከመሣሪያው ጋር መገዛት አለበት። ለከባድ ነጂና ለጭነት መመሪያው የሚያዘው ግፊት ከፍ ያለ ሊሆን ስለሚችል ማንበብ ያስፈልጋል። በግራር አገር ወፍራም፣ ባለስድስት ሽፋን ጎማ ይጠየቅ፤ መወጠፊያና የእጅ ፓምፕም ከመቀመጫው ሥር አይጥፉ። ጎሚስታው ሩቅ ነውና።

አራተኛው ነዳጅ ነው። በጀሪካን ተመላልሶ የሚደርስ ቤንዚን ውኃና ቆሻሻ ይይዛል። በጨርቅ ሳይሆን በደቃቅ ወንፊት አጥልሎ መቅዳት፣ በጋኑ ሥር የረጋውንም አለመጨመር ያስፈልጋል። ነዳጅ በሚረጭ ሞተር ላይ ቆሻሻ የሚያደርሰው ጉዳት ከካርቦራተሩ ይልቅ ውድ ነው።

መለዋወጫ የሌለው መሣሪያ

አስተማማኝነት የሚለካው በፋብሪካው ስም ብቻ አይደለም፤ ፍሬን ሸራው ሲያልቅ በስንት ቀን ይገኛል በሚለውም ነው። የጃፓኖቹ፣ የአሜሪካና የካናዳ ሥሪቶች የረጅም ጊዜ ስም አላቸው። ሲኤፍሞቶን የመሰሉ የቻይና ፋብሪካዎችም በዝቅተኛ ዋጋ ሰፊ ገበያ ይዘዋል። የትኛውም ቢሆን በአገር ውስጥ መለዋወጫ የሚያቀርብና የሠለጠነ መካኒክ ያለው ወኪል ከሌለው ስሙ ብቻ አያሠራም።

ስለዚህ ገዥው ከመሣሪያው ጋር ቢያንስ የሁለት ዓመት ፈጣን ተለዋጭ ዕቃዎችን አብሮ ይጠይቅ። እነርሱም የአየርና የዘይት ፊልትሮ፣ ካንዴላ፣ ቺንጊያ፣ የፍሬን ሸራ፣ የጎማ ኩሽኔታ፣ የሴሚያስ ከረጢት፣ ባትሪና አንድ ጥንድ ጎማ ናቸው። የሥራ ሰዓት መቁጠሪያ መኖሩም ይረጋገጥ። የእነዚህ ሞተሮች ጥገና የሚቆጠረው በኪሎ ሜትር ብቻ ሳይሆን በሰዓት ነው፤ የመጀመሪያው የዘይት ቅየራ ብዙውን ጊዜ ከ20 ሰዓት ሥራ በኋላ፣ ቀጣዩ በየ100 ሰዓቱ ይደረጋል። በአቧራና በጭቃ ለሚሠራ ደግሞ ከዚያም ያጥራል። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ርካሹን ዘይት በወቅቱ መቀየር ውዱን ሞተር ያድናል።

ያገለገለ ሲገዛ

ያገለገለ መሣሪያ የሚገዛ ሰው መካኒክ ይዞ ይሂድ። የአየር ፊልትሮው ይወጣና ከኋላው ያለው ቱቦ በጣት ይዳሰስ፤ አቧራ ካለ ሞተሩ አቧራ ውጧል። የዘይቱ መልክ እንደ ወተት ከነጣ ውኃ ገብቶበታል። መሣሪያው በክሪክ ተነሥቶ እያንዳንዱ ጎማ ይነቅነቅ፤ የሚንቀዋለል ከሆነ ኩሽኔታው አልቋል። አራቱም ጎማ መጎተቱ በወሬ ሳይሆን በጭቃ ወይም በክሪክ ላይ ይፈተን። የመጫኛው ሥርና የመንጠቆው ብየዳ ተሰንጥቆ እንደሆነ ይታይ፤ እዚያ ያለ ስንጥቅ ከአቅም በላይ ሲጫን እንደኖረ ይመሰክራል። የሻሲና የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬውና ከዲክላራሲዮኑ ጋር ካልገጠመ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ መተው ነው።

ለወረዳ የግዥ ክፍሎች

በመንግሥት ወይም በፕሮጀክት በጀት የሚገዛ ከሆነ የጨረታ ሰነዱ የመሣሪያውን ዕጣ ይወስናል። "ባለአራት ጎማ ሞተር፣ ጥራት ያለው" ብሎ የወጣ ዝርዝር ርካሹንና ደካማውን ይጠራል። የአንድን ፋብሪካ ስም ብቻ መጻፍም በግዥ ሥርዓቱ አያስኬድም። የሚሻለው ሥራውን በቁጥር መግለጽ ነው፤ የሚሸከመው ጠቅላላ ክብደት ከ220 ኪሎ ያላነሰ፣ የመጎተት አቅሙ ከ500 ኪሎ ያላነሰ፣ የፊት ዲፈረንሻሉ የሚቆለፍ፣ ዝቅተኛ ማርሽ ያለው፣ ነዳጅ በኤሌክትሮኒክስ የሚረጭ፣ የሥራ ሰዓት መቁጠሪያ ያለው፣ በአገር ውስጥ የጥገና ወኪል ያለው፣ ከመለዋወጫ፣ ከመመሪያ መጽሐፍና ከነጂዎች ሥልጠና ጋር የሚቀርብ እያሉ መዘርዘር ይቻላል። ቁጥሩ እንደየወረዳው ሥራና መልክዓ ምድር ይስተካከል። የርክክብ ኮሚቴው ውስጥም መሣሪያውን በየቀኑ የሚነዳው ባለሙያ ይኑር፤ ተቀምጦበት፣ ጭኖበት፣ ነድቶት ይፈርም።

ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት የመሣሪያው የጉምሩክ ምድብ፣ ከቀረጥ ነፃ በሚገቡት የግብርና መሣሪያዎች ዝርዝር ውስጥ መካተት አለመካተቱ፣ የሰሌዳና የመንጃ ፈቃድ ጉዳይ ከሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች በጽሑፍ መጠየቅ አለበት። የነዳጅ ተሽከርካሪዎችን ወደ አገር ማስገባት የተመለከቱ መመሪያዎች በቅርብ ዓመታት ስለተለወጡ ትናንት የተፈቀደው ዛሬ ላይፈቀድ ይችላል።

አገልግሎቱን እንጂ አደጋውን እንዳንገዛ

መሣሪያው አራት ጎማ ስላለው የማይገለበጥ ይመስላል። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። በዓለም ላይ በእነዚህ ሞተሮች የሚደርሰው የሞት አደጋ በብዛት የሚመጣው መሣሪያው ተገልብጦ ነጂውን ከሥሩ ሲይዘው ነው። 300 ኪሎ ብረት ደረት ላይ ሲያርፍ ብቻውን ማሳ መሀል ያለ ሰው የሚያነሳለት የለም። አውስትራሊያ በዚህ ምክንያት ከእ.ኤ.አ. ጥቅምት 2021 ጀምሮ ለሥራ የሚሸጥ አዲስ ባለአራት ጎማ ሞተር ሁሉ ሲገለበጥ ነጂውን ከመጨፍለቅ የሚከላከል ብረት እንዲገጠምለት አስገድዳለች። ገዥዎቻችንም ይህን ብረት በዝርዝራቸው ውስጥ ቢጨምሩ የሚያስቆጭ ወጪ አይደለም።

የአነዳድ ደንቦቹ ጥቂት ናቸው። ኮርቻው ረጅም የሆነው ነጂው ሰውነቱን ወደፊትና ወደኋላ እንዲያንቀሳቅስ እንጂ ሰው እንዲያፈናጥጥ አይደለም፤ ለሁለት ሰው ተብሎ ካልተሠራ በቀር አንድ ሰው ብቻ ይነዳዋል። የራስ ቁር ሳይደረግ አይነሳም። ተዳፋትን በአግድም ማቋረጥ የመገልበጥ ዋና ምክንያት ነው፤ ቀጥ ብሎ መውጣት፣ በአቀበት ወደፊት፣ በቁልቁለት ወደኋላ መደገፍ ይገባል። በቁልቁለት ማርሽን አውጥቶ በፍሬን ብቻ መውረድ ክልክል ነው። የለሰለሱት ጎማዎቹ ለአስፋልት ስላልተሠሩ በፍጥነት ሲታጠፍ ይገለበጣል፤ ወደ ገበያ መሄጃ አይደረግ። ለሕፃናት ቁልፉ አይሰጥ።

እንግዲህ ነገሩ ሲጠቃለል፣ ጥሩ መሣሪያ ማለት ትልቁ ወይም ፈጣኑ ማለት አይደለም። የነጂውን ኪሎ፣ የጭነቱን ኪሎና የመሬቱን ጠባይ ደምሮ የሚችል፣ ሲበላሽም በቅርብ የሚጠገን ማለት ነው። ይህ ሒሳብ አንድ ሚዛን፣ አንድ ወረቀትና የግማሽ ቀን ጊዜ ብቻ ይጠይቃል። የወረዳ ኃላፊዎች ከጨረታ በፊት፣ የእርሻ ባለቤቶችም ከቀብድ በፊት ቢሠሩት፣ የሚገዛው ሞተር ለብዙ ክረምት ማሳ ላይ ይውላል፤ የሚነዳውም ሰው ማታ ወደ ቤቱ ይመለሳል።